ሲስተር ጥሩወርቅ ያልወጋቻቸው ሰባት ልጆች

የበደለችኝ ሲስተር ጥሩወርቅ ናት። ሁለት ጊዜ በድላኛለች። መጀመሪያ የዛሬ አራት ዓመት በኅዳር፣ ለምርመራ ሄጄ ሳትመረምረኝ የሰደደችኝ ጊዜ። ሁለተኛ ዘንድሮ በታኅሣሥ፣ የልጅ ልጄን ሳትከትብ ወደ ክፍሏ የመለሰቻት ጊዜ። ሁለቱንም ያደረገችው አክብራኝ ነው። ሰው የሚጎዳው ሲናቅ ብቻ የሚመስለው ካለ ይህን ያንብብ።

ስሜን አልጽፍም። ሰፈሬ ያውቀዋል፤ ለሌላው አይጠቅመውም። ስድሳ አምስት ዓመቴ ነው። በአሥራ አራት ዓመቴ ለዲያቆን ተዳርሁ። ዲያቆን ቄስ ለመሆን ድንግል አግብቶ መቁረብ አለበትና ለእሱ ቅስና እኔ አስፈለግሁ። ባሌ መምሬ ዓለሙ ጣና ዳር ካሉት ደብሮች በአንዱ ሠላሳ ስድስት ዓመት ቀድሷል። እኔም በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጠርሁ፣ በማታ ተምሬ አሥራ ሁለተኛን ጨረስሁ፣ ባሕር ዳር ሹም አቦ ሰፈር ካለ አንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ገብቼ ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ። ባሌ ሲሞት ቆብ ጫንሁ። ከዚያ ወዲህ እማሆይ ነኝ። የምኖረው ከልጄ ከዳኛቸው ጋር ነው። እሱ የጀልባ ሞተር ይጠግናል። ሚስቱ ትርንጎ ትባላለች። አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ሶስና።

የወር አበባዬ ከቆመ አሥር ዓመት አልፎት ነበር። አንድ ጠዋት ልብሴ ላይ ደም አየሁ። ትንሽ ነው፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል። አጠብሁት፤ ለማንም አልተናገርሁም። በሳምንቱ ተመለሰ። ደም ያያት ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባምና ከቅጽሩ ውጭ ቆሜ ማስቀደስ ጀመርሁ። ቆብ የጫነች ሴት ውጭ ስትቆም ሰው ዝም አይልም። አንዷ ጎረቤቴ፣ “እማሆይ፣ ምነው ከእኛ ከኃጥኣኑ ጋር?” አለችኝ እየሳቀች። ጉልበቴን ነው አልኋት። በማግሥቱ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድሁ።

ሲስተር ጥሩወርቅ ያን ጊዜ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። የመሪጌታ ልጅ ናት። አባቷና ባሌ አብረው የተማሩ ነበሩ። በረንዳው ላይ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ። ስታየኝ ከወንበሯ ተነሣች፣ ጉልበቴን ሳመች፣ ከሁሉም አስቀድማ አስገባችኝ።

“እማሆይ፣ ምን ነካዎት?”

“ደም አየሁ።”

ዓይኗን ወደ ወረቀቷ መለሰች። “ሽንትዎን ሲሸኑ ያቃጥልዎታል?”

“አልፎ አልፎ።”

“እሱ ነው። የሽንት ቧንቧ ብርድ ነው።”

እዚያው በር ላይ ተደግፋ የቆመች አንዲት ዓሣ ሻጭ ነበረች። “እኔንም ያው ደም ነው ሲስተር” አለች። ጥሩወርቅ ቀና ሳትል፣ “አንቺ አራት ቁጥር ግቢ” አለቻት።

“አራት ቁጥር ምንድን ነው?” ብዬ ጠየቅሁ።

“ለእርስዎ አይደለም እማሆይ። የማኅፀን በር የሚታይበት ነው። አቼቶ ይቀቡና ነጭ ነገር ካወጣ ያክማሉ። እሱ ለ… ለሌሎች ሴቶች ነው። እርስዎን አልጋ ላይ አውጥቼ እግርዎን ይክፈቱ ልበል? የአባቴ አምላክ ይቆጣኛል።”

አራት ቁጥር ክፍል ከወንበሬ አምስት እርምጃ ነበር። ዓሣ ሻጯ ገባች። እኔ እንክብሌን ይዤ ወጣሁ። የራሴንም ጥፋት እጽፋለሁ፤ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያች ሴት ጋር አንድ አልጋ ላይ ባለመውጣቴ ክብር ተሰማኝ። ጥሩወርቅን መርቄያት ሄድሁ። ምርቃቴን ለመመለስ ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ፤ የወጣ ቃል አይመለስም።

ዓሣ ሻጯ ላይ ነጭ ነገር ተገኘባት። ቦታውን በቅዝቃዜ አደረቁላት፤ በሳምንቱ ወደ ዓሣዋ ተመለሰች። ዛሬም በሰላም ትሸጣለች። እኔ ስምንት ወር ዞርሁ።

ሦስት ጊዜ ወደ ጥሩወርቅ ተመላለስሁ። ሦስቱንም ጊዜ ከወንበሯ ተነሣች፤ ሦስቱንም ጊዜ እንክብል ቀይራ ሰጠችኝ። አንድ የግል ክሊኒክ ታይፎይድና ታይፈስ አለብዎት አለኝ፤ መርፌ ወጋኝ። ሌላው የኩላሊት ጠጠር ነው ብሎ ውኃ አብዝቼ እንድጠጣ አዘዘኝ። ሁሉም ሆዴን በልብሴ ላይ ነካክተው ተዉኝ። ሲጠይቁኝም አንገታቸውን ሰብረው ነው፤ ቆቤን እያዩ። አንዱ ወጣት ሐኪም፣ “ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የታችኛው በኩል…” ብሎ ጀመረና ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። እኔም አልጨረስሁለትም።

ጠበልም ሄጃለሁ። ደሴት ላይ ሁለት ሱባዔ ገባሁ። ጠበሉን አልከስም፤ ቀዝቃዛ ነበር፣ ደስ ይል ነበር። ደሙ ግን አልቆመም፤ በዚያ ላይ ሽታ መጣ። ስለ ሽታው ብዙ አልጽፍም። የደረሰባት ታውቀዋለች፤ ያልደረሰባት ብትጠነቀቅ ይበቃታል። ትርንጎ የልብስ ማጠቢያ ሳፋዬን ለየችው። ከዚያ አጠገቤ ትተኛ የነበረችውን ሶስናን ወደ ሌላ ክፍል ወሰደቻት። “ልጅቷ ትምህርት አላት፣ እንዳትረብሽዎት” አለችኝ። የረበሸው ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ሶስና ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ከእኔ ጋር ስትተኛ እግሯን ሆዴ ላይ ትጭን ነበርና ከሄደች በኋላ ሆዴን ባዶ ሆኖ አገኘሁት። በጨለማ ነቅቼ የምፈራው ሞቱን አልነበረም። ሽታው ከእኔ ቀድሞ ቤቱን ሞልቶት፣ ስሞት የሚያዝኑልኝ አፍንጫቸውን ይዘው እንዳይሆን ነው።

በሐምሌ ገበያ መሐል ወደቅሁ። ዳኛቸው በባጃጅ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ወሰደኝ። እዚያ ቆቤን የሚያይ አልነበረም፤ ሁሉም ተጨናንቆ ነበር። ሁለት ቀን ወንበር ላይ አደርን። ጎኔ የተቀመጠችው ከወረታ የመጣች ሐዋ የምትባል ሴት ነበረች፤ ባሏ የእህል ነጋዴ ነው። የእሷም የእኔው ነገር ነበር። እንዴት አወቅሽ አትበሉኝ፤ በመቀመጫችን ላይ ያነጠፍነው አንድ ዓይነት ላስቲክ ነበር።

“እማሆይ፣ እርስዎ የቄስ ሚስት፣ እኔ የሐጂ ሚስት” አለችኝ። “ሁለታችን አንድ አግዳሚ ላይ ምን እንሠራለን?”

“ተራ እንጠብቃለን” አልኋት።

ሳቀች። ሲያማት ትስቃለች። ተራዋ ደርሶ ስትነሣ ላስቲኳን ለእኔ ተወችልኝ፤ የእኔ ተቀዶ ነበር። በስምንት ወር ውስጥ ያገኘሁት የመጀመሪያው ደግነት ይህ ነው። ሐዋ በዚያው ዓመት በጳጉሜን ሞተች። ዘግይታ ነበር የመጣችው። እሷንም ወረታ ላይ አንድ ሰው አክብሯት ይሆናል።

የመረመረችኝ ልጅ እግር ሐኪም ናት። እግርሽን ክፈቺ አለችኝ፤ አንቺ ነው ያለችኝ፤ እርስዎ አላለችም። ከፈትሁ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። እጇን ታጥባ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

“እማሆይ፣ ስንት ጊዜ አገቡ?” አለችኝ። አሁን አንቱ ብላኛለች፤ ያን ጊዜ ክፉ ነገር እንደሆነ አወቅሁ።

“አንድ ጊዜ።”

“የማኅፀን በር ካንሰር ነው። ከቫይረስ ነው የሚመጣው። ቫይረሱ ከወንድ ወደ ሴት፣ ከሴት ወደ ወንድ በግንኙነት ይተላለፋል። ወንዱን ብዙ ጊዜ አያሳምመውም። ሴቷ ውስጥ ሃያ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ተደብቆ ይቆያል።”

“እኔ ከአንድ ወንድ በቀር አላውቅም።”

“አንድ ይበቃል እማሆይ። መቼ እንደመጣ፣ ከየት እንደመጣ ማንም ሊነግርዎ አይችልም። ጥፋተኛ አይፈልጉ።”

ጥፋተኛ ፈለግሁ። ባሌ በየዓመቱ ለሁለት ሳምንት ወደ ይፋግ ይሄድ ነበር፤ የአባቱን የእህል መሬት ሊያይ። መሬቱን እኔ አይቼው አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቤም ሆነ በአፌ አንቱ ብዬ አልጠራሁትም። የሙት ዓመቱ ሲደርስ ዝክር አላወጣሁም። ልጄ ለምን አለኝ። ታምሜአለሁ አልሁት።

ማኅፀኔን አወጡት። ከዚያ ለጨረር ሕክምና አዲስ አበባ ተላክሁ፤ ወረፋው ረጅም ነበር። ጨረር ማለት የማይታይ እሳት ነው፤ ሲያቃጥል አይሰማም፣ ማታ ግን ያቃጥላል። ከባሕር ዳር የመጡ ሦስት ሴቶች ነበርን፤ አንድ ክፍል ተከራይተን በየተራ ሾርባ እንሠራ ነበር። ዳኛቸው ሁለት ሞተር ሸጠ። ትርንጎ በስልክ ስታናግረኝ ሞተሮቹን ሳታነሣ ቀርታ አታውቅም። ስመለስ አርባ አንድ ኪሎ ነበርሁ። ዳንሁ። ሐኪሟ፣ “ስምንት ወር ቀድመው ቢመጡ በአንድ ቀን ሕክምና ይመለሱ ነበር” አለችኝ። ቀድሜ መጥቼ ነበር። አምስት እርምጃ ቀርቶኝ ነው።

ከሆስፒታሉ ሳልወጣ ሐኪሟን ይህን በሽታ የሚከላከል ነገር አለ ወይ ብዬ ጠይቄአት ነበር። አለ አለችኝ። ለሴቶች ልጆች ወንድ ሳያውቁ በፊት የሚሰጥ ክትባት ነው። በየትምህርት ቤቱ በዘመቻ ይመጣል፤ አሥራ አራት ዓመት ካለፋቸው ግን ከመዝገቡ ይወጣሉ። የሶስናን ዓመት ቆጠርሁ። ገና ነበራት። ከዚያ ወዲህ ስጠብቅ የኖርሁት እሱን ነው። ሕክምናውን ስጨርስ በሕይወት ለመቆየት ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ዘንድሮ በታኅሣሥ ዘመቻው ሶስና ትምህርት ቤት ገባ። እኔ ሃያ ሦስት ዓመት የሠራሁበት ትምህርት ቤት ነው። ሶስና ለአስተርእዮ ማርያም፣ በጥር፣ አሥራ አምስት ትሞላ ነበርና የመጨረሻ ዕድሏ ነው። ጠዋት ፀጉሯን ራሴ ጎነጎንሁላት፤ እጅጌው የሚጠቀለል ልብስ አለበስኋት። በምሳ ሰዓት ተመለሰች።

“አሳይኝ” አልኋት።

“አልወጋችኝም እምዬ።”

“ማን?”

“ሲስተር ጥሩወርቅ። ‘አንቺ የእማሆይ የልጅ ልጅ ነሽ፤ ቤተሰብሽ አይፈቅድም፣ ክፍልሽ ግቢ’ አለችኝ። እኔ ይፈቅዳሉ ስላት፣ ‘አንቺ ጨዋ ልጅ ነሽ፣ አያስፈልግሽም’ አለችና ሣቀች። ሁሉም ሰሙኝ።”

ነጠላዬን ለብሼ ትምህርት ቤት ሄድሁ። በእኔ ቦታ የተቀመጠችው ልጅ ሥራውን ያስተማርኋት ናትና ዝርዝሩን አወጣችልኝ። ስምና ዕድሜ፣ መጨረሻው ላይ ምልክት። ዕድሜዬን በመዝገብ መሐል የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ዝርዝር ሲዋሽ አውቃለሁ። ከሰባት ልጆች ስም ፊት “ወላጅ አልፈቀደም” ተብሎ ተጽፏል፤ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ መቀመጫ። ሰባቱም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ዙሪያ ያሉ የካህናትና የመሪጌቶች ቤተሰብ ናቸው። አምስተኛዋ ሶስና ናት። አንዱንም ወላጅ የጠየቀ የለም። ልጄ ዳኛቸው ያን ቀን ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ከባጃጅ አውርዷት ነበር፤ እሱን እንኳ መጠየቅ ይቻል ነበር።

በዝርዝሩ ላይ ሌላም አየሁ። ቤዛ የምትባል የጥሩወርቅ ልጅ አለች፤ ከሶስና ጋር አንድ ክፍል ናት። ከስሟ ፊት ምንም የለም፤ ባዶ። ማታ ሶስናን ጠየቅኋት።

“ቤዛ ወስዳለች” አለች። “እናቷ እሑድ ጤና ጣቢያ ወስዳ ነው የወጋቻት። ለማንም እንዳትናገሪ ብላታለች። ለእኔ ክንዷን አሳይታኛለች።”

በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ጥሩወርቅ እንደ ልማዷ ከወንበሯ ተነሣች።

“ተቀመጪ” አልኋት። “ሶስናን ለምን መለስሻት?”

“እማሆይ፣ እርስዎን ላለማስከፋት ነው። የካህናት ቤተሰብ ይህን ነገር አይወድም።”

“ጠየቅሽኝ?”

“መጠየቁ ራሱ ነውር ነው። ይህ ክትባት ልጅቷ ወደፊት… ትዞራለች እንደማለት ነው። የቤታችሁን ልጅ እንዲህ ልላት?”

“ቤዛስ ትዞራለች?”

ፊቷ ተለዋወጠ። በሩን ተነሥታ ዘጋች።

“እርስዎ የማያውቁት ነገር አለ” አለችኝ። “ክትባቱ የመጣ ዓመት አንዷ ልጅ ስወጋት ራሷን ሳተች። ቁርስ ሳትበላ ነው የመጣችው። አባቷ ‘ልጄን መካን አደረግሽብኝ’ ብሎ በትምህርት ቤቱ ግቢ መሐል ጋወኔን ይዞ ጎተተኝ። አከራዬ ቤት ልቀቂ አለችኝ። አባቴ ‘የካህናቱን ልጆች አትንኪ፣ እኔን ከደብሩ ታስወጪኛለሽ’ አሉኝ። ከጤና ጽሕፈት ቤት አንድ ሰው መጥቶ ‘አይዞሽ’ አላለኝም። ግማሽ ቀን ሥልጠና ሰጥተው ሳጥን አሸክመው ላኩኝ። እናት መጥታ ‘ይህ ነገር አያመክንም?’ ስትለኝ ምን እንደምመልስ አልነገሩኝም። እኔም ራሴ ያን ጊዜ እርግጠኛ አልነበርሁም። ‘ወላጅ አልፈቀደም’ ብዬ ስጽፍ ማንም አይጠይቀኝም። ልጅ ወድቃ ብትሞት ግን የሚጠየቀው ማን ነው?”

“አሁንስ እርግጠኛ ነሽ?”

“አሁን ነኝ።”

“ስለዚህ ቤዛን ወጋሻት።”

“ልጄ ናት።”

“ሶስናስ?”

“እሷ የእርስዎ ናት። እርስዎን ስለማከብር…”

“አራት ቁጥር ያላስገባሽኝም አክብረሽኝ ነው።”

አልገባትም። የሽንት ቧንቧ ብርድ፣ ከዚያ ኩላሊት፤ እሷ የምታውቀው እስከዚያ ነው። አዲስ አበባ ዘመድ ልትጠይቅ ሄደች ተብሎ ነበር የተወራው፤ ያስወራሁት እኔው ነኝ። “ኩላሊትዎ ዳነ ብለውኝ ነበር” አለች።

“ኩላሊቴ አልታመመም። የማኅፀን በር ካንሰር ነበር። አንቺ እዚህ ወንበር ላይ እያለሽ፣ እሱ እዚያ ክፍል ሊታይ ይችል ነበር። አሁን ማየት አትችይም፤ ማኅፀኔን ቆርጠው አውጥተውታል።”

አለቀሰች። እኔ አላለቀስሁም። ነጠላዬን አስተካክዬ ልጅቷን አሁን ጥሪና ውጊያት አልኋት።

“ዘመቻው አለቀ። የቀረውን ብልቃጥ ትናንት መልሰናል። በረዶ ሳጥኑ ባዶ ነው።” ከፍታ አሳየችኝ። ባዶ ነበር።

ሌሎች ሁለት ጤና ጣቢያዎች ሄድሁ። አንዱ ከትምህርት ቤቷ ደብዳቤ አምጪ አለኝ፤ ደብዳቤውን አመጣሁ፤ ዝርዝሩ ላይ “ወላጅ አልፈቀደም” ስለሚል ሊቀየር አይችልም አለኝ። “ወላጁ እኔ ነኝ፣ ፈቅጃለሁ” ሲለው ዳኛቸው፣ “የተጻፈው ግን እንዲህ ነው” አለው። ሌላው መድኃኒቱ የለም አለኝ። ገና አለፈ። ጥምቀት እየቀረበ ነበር። ልጅቷ አሥራ አምስት ልትሞላ ሁለት ሳምንት አልቀራትም።

በዚህ ጊዜ ጥሩወርቅ በቤዛ በኩል መልእክት ላከችብኝ። ከሐይቁ ማዶ፣ ቁንዝላ፣ ዘመቻው የተጀመረው ዘግይቶ ነው፤ መኪና ተበላሽቶባቸው ነው፤ እስከ ጥምቀት ይሰጣሉ፤ ዕድሜዋን የሚያሳይ ወረቀትና የወላጆቿን ፈቃድ ብቻ ይዘው ይሂዱ የሚል ነው። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት። ይህንንም እጽፋለሁ። አላመሰግናትም።

ቤት ውስጥ ጠብ ሆነ። ትርንጎ ፈቃዱ ላይ አልፈርምም አለች።

“አንድ ልጅ ናት ያለችኝ እማሆይ። ብትመክንብኝስ? ሰው ሁሉ የሚለውን እየሰማን?”

“ለማኅፀኗ ነው የፈራሽላት?”

“ለእሱ ነዋ።”

“የእኔን ሄደሽ ሆስፒታሉን ጠይቂ። ጠርሙስ ውስጥ ይኖራል። አይተሽው ስትመጪ ፈርሚ።”

ዳኛቸው “እማ” አለ። ትርንጎ ፈረመች። ከዚያን ቀን ወዲህ በአንድ ሳሕን አንበላም። ምንም አይደለም።

ዳኛቸው ሞተሩን የሠራለት ጀልባ ነበር፤ እኔና ሶስና በእሱ ተሳፈርን። እህልና ሽንኩርት የጫነ ነው። ሐይቁ ጠዋት ጸጥ ይላል። ሶስና ከጆንያ ላይ ተቀምጣ እጇን ውኃው ውስጥ ትሰዳለች።

“እምዬ፣ ያማል?”

“መርፌ ነው፣ ያማል።”

“ከእርስዎ ሕመም ይብሳል?”

“አይብስም።”

“ቤዛ አልጮህሁም ብላለች።”

“ቤዛ ልትጮህ አትችልም ነበር። ለማንም አትናገሪ ተብላለች።”

ቁንዝላ ጤና ጣቢያው በር ላይ አንድ ወጣት፣ መልካሙ የሚባል ጤና ባለሙያ፣ ከሳጥኑ ጋር ብቻውን ተቀምጦ አገኘነው። ልጆቹን ወላጆቻቸው ከትምህርት ቤት አስቀርተው ደብቀዋቸዋል። የሶስናን የልደት ወረቀት አየ፤ ቀኑን በጣቱ ቆጠረ።

“አሥራ አንድ ቀን ቀርቷታል” አለ። “ከባሕር ዳር ለዚህ መጡ? የሚሸሹኝን አውቃለሁ፤ የሚያሳድደኝን ዛሬ ገና አየሁ።”

ወጋት። ዓይኗን ጨፈነች፤ አልጮኸችም። ካርድ ጻፈላት፤ ማኅተም አደረገበት። ካርዱን ሁለት ጊዜ ጣልሁት። እሷ አነሣችልኝ።

ልንሄድ ስንነሣ፣ “እማሆይ፣ ጀልባው እስኪነሣ እዚህ ወንበር ላይ ይቀመጡልኝ” አለኝ። “ምንም አይናገሩ። ሰዉ ቆብዎን ብቻ ይየው። ከትናንት ወዲያ አንድ ሰው ‘የአውሬው መርፌ ነው’ ብሎ ገበያ ላይ ሲሰብክ ነበር፤ እኔን ማን ይሰማኛል? ያላገባሁ ወንድ ነኝ፣ ስለ ሴት ልጅ ሳወራ ይሥቁብኛል።”

የተቀመጥሁት ደግ ስለሆንሁ አይደለም፤ ጀልባው እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይነሣም ነበር። አንዲት እናት ልጇን ከኋላዋ ደብቃ ከሩቅ ቆመች። ቀረብ አለች።

“እማሆይ፣ ይህ ነገር አያመክንም?”

“እኔ ሐኪም አይደለሁም” አልኋት። “የልጅ ልጄን አስወግቻለሁ። ያቻትልሽ፣ ሸንኮራ እየበላች ነው።”

ልጇን ከኋላዋ አወጣች። ከዚያ ሌላ መጣች። ያቺ ሄዳ ሁለት ጠራች። ጀልባው ሲጠራን መልካሙ ሁለተኛ ሳጥን ከፍቶ ነበር። ከወንበሬ ስነሣ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። ከለከልሁት። የሚስመኝ ባለሙያ በቃኝ።

ከተመለስን በኋላ ያደረግሁት ይህ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ደጀ ሰላም ተሰብስበው ሳለ ቆሜ በሽታዬን በስሙ ተናገርሁ። ደሙን፣ ሽታውን፣ የተቆረጠውን ተናገርሁ። አንዷ፣ “ታዲያ መምሬን ነው የሚከሱት?” አለችኝ። “ሐኪሟ ጥፋተኛ አትፈልጊ ብላኛለች” አልኋት። ከዚያ የሰባቱን ልጆች ስም ከዝርዝሩ እንደቀዳሁት አነበብሁ፤ እናቶቻቸው እዚያው ነበሩ። ሲስተር ጥሩወርቅ የእናንተን መልሳ የራሷን ልጅ በድብቅ ከትባለች አልሁ። የልጅቷንም ስም ጠራሁ። ቤዛ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ሁሉም ዞሮ አያት። ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። አውቄ ነው የጠራሁት።

ደብዳቤ ጽፌ ዝርዝሩን አያይዤ ጤና ጽሕፈት ቤት አስገባሁ፤ ግልባጩን ለትምህርት ቤቱ። ከሶስና ሌላ ከቀሩት ስድስት ልጆች አራቱ ተጠርተው ተወጉ። አንዷ አሥራ አምስት ሞልቷት ነበር፤ አለፋት። የአንዷ አባት እንቢ አለ፤ አሁን የእሷ በእውነት ወላጅ አልፈቀደም። እናቶቹ ራሳቸው ወደ አራት ቁጥር መሄድ ጀምረዋል፤ ስሄድ በረንዳው ላይ አያቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ሰላም አይሉኝም። እኔ በየስድስት ወሩ እታያለሁ፤ እስካሁን ደህና ነኝ ይሉኛል።

ጥሩወርቅ ከሐይቁ ማዶ ወዳለ ገጠር ተዛወረች። ዕቃዋን በጫነችበት ጠዋት ቤዛን ላከችብኝ። ልጅቷ ደጄ ላይ ቆማ መሬት መሬት እያየች፣ “እናቴ ይቅር ይበሉኝ ብላለች” አለችኝ።

“ክንድሽን አሳዪኝ” አልኋት።

እጅጌዋን ሰበሰበች። መርፌው ምንም ምልክት አልተወም፤ ንጹሕ ነው።

“ይቅር አላሉም በያት” አልሁና በሩን ዘጋሁ።